የዋንዛው ባንኮ ዝቅ ያለው ጎን

ከቤት የወጣሁት ሌሊት ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ግን ተደብቄ አይደለም። የመካነ ኢየሱስ ገበያ ዕለት ስለ ነበር መንገዱ በሰው ተሞልቷል። እኔም አንድ ገበታ በጀርባዬ አዝዬ ከገበያተኛው ተቀላቀልሁ። ያየኝ ሁሉ የአባቷን ገበታ ልትሸጥ ነው ብሎ አለፈኝ። አባቴ በበጋ ከእርሻ ሲያርፍ ዋንዛ እየጠረበ ገበታ የሚሠራ ሰው ነበረ፤ የእርሱ እጅ ሥራ ከእስቴ አልፎ እስከ ወገዳና እስከ አርብ ገበያ ይሄዳል። ያ ያዘልሁት ግን የሚሸጥ አልነበረም። የቤታችን ገበታ ነው፤ በዕድሜም ከእኔ ይበልጣል። አባቴ ራሱ ነው ከግድግዳው አውርዶ የሰጠኝ። ባዶ ጀርባዋን የምትሄድ ሴት ሰው ሁሉ ወዴት ነሽ ይላታል፤ ይኼን ብታዝይ ሥራ ያለሽ ትመስያለሽ አለኝ። ሌላ ምክር አልሰጠኝም።

ባሌ ከሁለት ዓመት በፊት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሑመራ ወርዶ በወባ እዚያው ቀርቷል። መሬቱን ወንድሞቹ ያዙት። ለእኔ የቀረችኝ አንጓች ናት፤ ስምንት ዓመቷ ነበር። እርሷን ለአባቴና ለወንድሜ ትቼ፣ ካርቱም ሥራ አለ ሲባል ሰምቼ፣ ደህና ቤት ይዤ አስመጣታለሁ ብዬ ነው የተነሣሁት። ከመውጣቴ በፊት በተኛችበት በነጭ ፈትል ለካኋት። እግሯን አጥፋ ነበር የተኛችው፤ ቀስ ብዬ ዘረጋሁት፤ አልነቃችም። በእኛ አገር ለታመመ ወይም ለራቀ ሰው በቁመቱ ልክ ጧፍ ይሳላል፤ ሲሳካ ፈትሉ ሰም ይነከርና ለቤተ ክርስቲያን ይገባል። እኔም ልጄን ካለሁበት ካደረስህልኝ በቁመቷ ልክ ጧፍ አገባለሁ ብዬ ለሚካኤል ተሳልሁ። ፈትሉን ጠቅልዬ በመቀነቴ ጫፍ ቋጠርሁት።

እስከ ደብረ ታቦር በእግር፣ ከዚያ በጭነት መኪና ጎንደር፣ ከጎንደር መተማ። መንገዱን አላወራላችሁም፤ የሄደበት ያውቀዋል፤ ያልሄደበት ደግሞ አያምነኝም። የድንበሩን ሹም ግን ልንገራችሁ። ዛፍ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ማኅተም አለው፣ ቀለም አለው፣ ጠረጴዛ ግን የለውም። አጠገቡ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ቆሞ ያስተረጉማል። ስሜን ከመጠየቁ በፊት ጀርባዬን አየ።

«ምንድን ነው ያዘልሽው?»

«ገበታ ነው። ይበላበታል።»

«ይጻፍበታል?»

ተቀበለኝና ገልብጦ በጉልበቱ ላይ አደረገው። የእኔን ወረቀት ጻፈ፤ አተመ፤ ሰጠኝ። ከዚያ የሚቀጥለውን ሰው ጠራ። እኔ ገበታዬን ብዬ ቆምሁ። እርሱ እቴ፣ ቀና ብሎም አላየኝም። በመጨረሻ በአስተርጓሚው በኩል አስጠየቅሁት። መልሱ፣ አንቺ ነጻ ነሽ፣ መሄድ ትችያለሽ፤ ገበታው ግን ሥራ ላይ ነው የሚል ሆነ። ወይ ጉድ! የዚያ ሁሉ ስደተኛ ወረቀት በአባቴ ገበታ ጀርባ ላይ ሲጻፍ ዋለ፤ እኔም ወረቀቴን ቀድሜ ይዤ የመጨረሻው ሰው እስኪያልፍ ጠበቅሁ። ሲመልስልኝ ባቄላ የምታህል የቀለም ጠብታ ወድቃበታለች። በአመድም በአሸዋም ፈትጌያታለሁ፤ እስከ ዛሬ አለች።

ካርቱም ገባሁ። ስለ ሙቀቱ የጻፈላችሁ ሌላ ሰው አይጠፋም። ኪስራ የሚሉት አለ፤ እንጀራ ይመስላል፣ ዓይን ግን የለውም። በዐረብኛ አንቱ የለም፤ መጀመሪያ ትልቅ ሰው አንተ ስል አፌን ይይዘኝ ነበር። ውኃው ግን ዓባይ ነው። በሐምሌ ቀይ ሆኖ ሲመጣ ዘንድሮም ዘንቧል እላለሁ፤ ከጨጨሆ ቁልቁል ወርዶ የመጣ አፈር ይሆናል ብዬ በእጄ አሸዋለሁ። ከአገር የሚመጣልኝ ደብዳቤ ያ ብቻ የሆነበት ጊዜ ነበር።

ሥራ ያገኘሁት ማዳም ካቲና ከምትባል ግሪካዊት ባልቴት ቤት ነው። ስምንት ክፍል ታከራያለች፤ ተከራዮቹን ምሳና ራት ታበላለች። ለእኔ ከማድቤቱ ጀርባ አንዲት ጓዳ ሰጠችኝ። መስኮት የላትም አልኋት። መስኮት ካለ ፀሐይ ይገባል፤ ፀሐይ ትፈልጊያለሽ ወይ አለችኝ። አሰብሁት፤ አልፈልግም ነበር። እንዲህ ያለች ሴት ናት፤ ደግም አይደለች ክፉም አይደለች፣ የምትለውን ታውቃለች።

እዚያ አገር የሚበስለው ቆሞ ነው። እኔ ዕድሜዬን በርጩማ ላይ ተቀምጬ የኖርሁ ሴት ነኝ፤ በመጀመሪያው ወር እግሬ አበጠ። የሚቆረጠውም የሚለወሰውም ከግድግዳ ጋር በተያያዘ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ባንኮ ይሉታል። የማዳም ባንኮ ከተራ ነጭ ጣውላ ተሠርቶ በላዩ ቆርቆሮ የተመታበት ነበር። በቆርቆሮው ሥር ውኃ ይገባል፤ ጣውላው በስብሶ በረሮ ይፈለፍላል። ማዳም እምነ በረድ ፈለገች፤ ከዚያ ከጎረቤት ሄዳ አይታ፣ በእምነ በረድ ላይ ያመለጠ ሰሃን ሁሉ ይሰበራል ብላ ተመለሰች። አንድ ቀን ጓዳዬ ገብታ የአባቴን ገበታ አየችው። በእጇ ዳሰሰችው፤ ስንት ዓመቱ ነው አለችኝ። ከእኔ ይበልጣል አልኋት። ስንጥቅ ፈለገች፤ አላገኘችም።

«እንዲህ ያለ እንጨት ምረጪልኝ» አለች። «ማድቤቱ አምሮ ካለቀ ለልጅሽ እኔ ዋስ እሆናለሁ።»

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የአንጓችን ነገር ነግሬያት ነበር። የውጭ አገር ልጅ ለማስገባት ቤት ያለው ሰው ዋስ መሆን አለበት። እኔ ደግሞ በዚያ ከተማ ቤት ያለው ሰው ከማዳም በቀር አላውቅም። እንግዲህ የልጄ ነገር በአንድ ጣውላ ላይ ተሰቀለ።

ከአናጢው ከኡስታ በሺር ጋር ወደ እንጨት ተራ ወረድን። ኡስታ ማለት ባለሙያ ማለት ነው፤ ሽማግሌ ነው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። ሳጅ የሚሉትን አሳየኝ፤ ከባድ ነው፣ በራሱ ቅባት አለው፣ ውኃ አይፈራም። ማሆጋኒ አሳየኝ፤ ቀይ ነው፣ ያምራል። ሁለቱም የደረቁ፣ ዓመት የተቀመጡ። ልመርጥ ስል ከወደ ጥግ አንድ ሽታ መጣብኝ። የአባቴ ግቢ ሽታ ነው፤ መጥረቢያ ያረፈበት ዋንዛ። ሄድሁ፣ ዳሰስሁት፣ ራሱ ነው። በእኛ በኩል በመኪና ተጭኖ የመጣ ነው አሉኝ፤ ገና ከተቆረጠ ወር አልሞላውም። ከዚህ ወዲያ ማን ይሰማኛል! ኡስታ በሺር በጥፍሩ ጫን አድርጎ እርጥብ መሆኑን አሳየኝ፤ ይኼ ቢያንስ ዓመት ጥላ ውስጥ ይቀመጥ አለኝ። እኔ በእኛ አገር ዋንዛ እርጥቡን ነው የሚጠረበው፣ አባቴ በዚህ ነው ያሳደገኝ አልሁት። በኩራት ነው ያልሁት። እርሱም ሳቀ።

ባንኮው በሁለት ጣውላ እንዲሆን አደረግሁ፤ ረጅሙ ለእኔ ቁመት በሚመች ከፍታ፣ ዳር ላይ ያለው አጭሩ ዝቅ ብሎ። ማዳም ለምን ዝቅ አለ ስትለኝ ሊጥ ለመለወስ ነው አልኋት። ውሸትም አይደለም፤ ሊጥ ከላይ ሆነው ካልተጫኑት አይታሽም። ግን ለዚያ አልነበረም። ፈትሉን ከመቀነቴ ፈትቼ ለሁለት አጥፌ ለኡስታ በሺር የሰጠሁት እኔ ነኝ። የአንድ ሰው ቁመት ግማሽ ከክርኑ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ቆሞ ለመሥራት ትክክሉ እርሱ ነው። አንጓች አጠገቤ ቆማ ሽንኩርት ስትልጥ ይታየኝ ነበር። ኡስታ ፈትሉን አየና ስንት ዓመቷ ነው አለኝ። ምንም ሳልነግረው።

ሁለቱንም ጣውላ ዳርና ዳሩን በምስማር ከግድግዳው አስመታሁ፤ እንዳይነቃነቅ ብዬ። ማዳም ወደደችው። ተከራዮቹም እየመጡ አዩት። በአሥረኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ምስር ስለቅም አንድ ነገር እንደ ጥይት ጮኸ። ረጅሙ ጣውላ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰንጥቋል፤ ጣት ያስገባል። ማዳም ሮጣ መጣች። ስንጥቁን አየች፣ እኔን አየች፤ አልጮኸችም።

«የእንጨትሽን ነገር አየሁት» አለች። «የልጅሽን ነገር ቆይተን እናያለን።»

አለቀስሁ። ለእንጨቱ አይደለም።

ኋላ ተቀምጬ ሳስበው ጥፋቱ ገባኝ። አባቴ እርጥቡን ይጠርባል፣ እውነት ነው። ከጠረበው በኋላ ግን ቅቤ ቀብቶ፣ ጭድ ውስጥ ቀብሮ፣ ቀዝቃዛ ጥግ ውስጥ ወራት ያስቀምጠዋል። እኔ ሲጠርብ አይቻለሁ፤ ሲጠብቅ ግን ልብ ብዬ አላየሁትም። አገራችንም ደጋ ነው፣ እንጨት ቀስ ብሎ ይደርቃል። ገበታ ደግሞ ከምንም ጋር በምስማር አይመታም፤ ሲኮማተር እንደ ፈቀደው ይኮማተራል። ካርቱም ላይ በዐሥር ቀን አድርቄ፣ ሁለት ወገኑን ቸንክሬ፣ አትንቀሳቀስ አልሁት። ኡስታ በሺር ሲመጣ፣ እንጨት ይተነፍሳል፣ አንቺ አፍንጫውን ይዘሽዋል አለኝ። አልነገርሁሽም ወይ አላለኝም፤ ለዚህም እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ማዳም ሌላ ጣውላ አልገዛም አለች። እንግዲህ ያንኑ ማዳን ነው። ምስማሩን ነቅለን ጣውላውን በጓዳዬ ጥላ ውስጥ አስቀመጥነው፤ መስኮት የሌላት መሆኗ ለዚያ በጀ። በእርጥብ ማቅ እየሸፈንሁ፣ ማቁን በየሳምንቱ እያሳሳሁ፣ አጠገቡ እየተኛሁ ሦስት ወር ጠበቅሁት። ከዚያ አገሬ ላይ የተሰነጠቀ ገበታ እንደሚደረገው ሰፋሁት። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ከሥር በኩል ቀዳዳ አስበሳሁ፤ እርጥብ የበሬ ጠፍር አስገብቼ በጉልበቴ ወጠርሁት። ጠፍር ሲደርቅ ያጥራል፤ ሁለቱን ወገን ስቦ ገጠማቸው። ከላይ የቀረችውን ቀጭን መሥመር በሰምና በእንጨት ዱቄት ደፈንኋት። ኡስታ በሺር መጀመሪያ ጫማ ነው ወይ የምትሰፊው ብሎ ሳቀ፤ ኋላ ሥር ገብቶ ተጋድሞ አየውና እንደገና አሳዪኝ አለ። እርሱ ደግሞ በተራው ጣውላው ወዲህ ወዲያ ማለት እንዲችል አድርጎ ሳይቸነክር አስቀመጠው። አጭሩንም ነቅሎ እንዲሁ አደረገው። አጭሩ ደህና ነበር።

የቀረው ቅባት ነው። ቅቤ እንዳልል ዐቢይ ጾም ገብቷል፤ የጾም ምግብ የምሠራበትን እንጨት ቅቤ ላጠጣው? ደግሞ በዚያ ሙቀት በሁለት ቀን ይከረፋል። በቤታችን በጾም ጊዜ ኑግ ነበር የምንቀባ። ካርቱም ያለው የሰሊጥ ዘይት ነው፤ ዘይት ያው ዘይት ነው ብዬ ቀባሁት። አበስኩ ገበርኩ! አልደርቅ አለ። እጅ ይይዛል፣ አቧራ ይይዛል፣ በማግስቱ የከተማው ጉንዳን ሁሉ ተሰልፎበት አገኘሁት። ኑግ ሲቀቡት ይደርቃል፤ ሰሊጥ አይደርቅም። በሙቅ ውኃና በሳሙና አጥቤ፣ በአሸዋ ወረቀት ፍቄ፣ እንደገና ጀመርሁ። በመጨረሻ የረዳችኝ ተልባ ናት። የተልባ ዘይት ቀለም ሻጮች ዘንድ አለ፤ የእነርሱ ግን ለግድግዳ ቀለም የተፈላ ነው፣ ምግብ አጠገብ አይሆንም። ያልተፈላውን ከመድኃኒት ቀማሚ ገዛሁ። በጨርቅ ስስ አድርጌ ቀባሁ፣ ቆይቼ ትርፉን ጠረግሁ፣ አሳድሬ ደገምሁ። በሳምንቱ ዋንዛው ያንን የአባቴን ገበታ መልክ አወጣ።

እናንተ በሰው አገር በሰው ማድቤት የምትቆሙ እህቶቼ፣ እንጨት ካጋጠማችሁ እንዲህ አድርጉ። እርጥብ ጨርቅ ጥላችሁበት አትሂዱ። ትኩስ ድስት በብረት ማስቀመጫ እንጂ በእንጨቱ ላይ አታሳርፉ። የሽንኩርትና የዓሣ ሽታ ከገባበት በጨውና በሎሚ እሹት፤ ወደ ጎን ሳይሆን የእንጨቱ መሥመር በሄደበት። ባይሆን ዓሣ ለብቻው ትንሽ ጣውላ ይኑረው። ዘይቱን በየሳምንቱ ቅቡ፤ ትርፉን ጥረጉ፤ እኔ ያልጠረግሁ ቀን ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። የቀባችሁበትንም ጨርቅ ጨባብጣችሁ አትጣሉ፤ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ በራሱ ይነድዳል ይላሉ።

ማዳም ለፋሲካ ሊጥ ልታይ ገብታ እጇን በስፌቱ ላይ አሳለፈች። በላይ በኩል አይታወቅም። ጎንበስ ብላ ከሥር ጠፍሩን አየችው። አስቀያሚ ነው አለች። ከዚያ መነጽሯን አድርጋ ዋስትናውን ፈረመች።

አለቀ መሰላችሁ? እኔም መስሎኝ ነበር። ወረቀቱን ይዤ ቢሮ ሄድሁ። ጸሐፊው የልጅቷን ልደት ጠየቀኝ። በሰኔ፣ በሚካኤል ማግስት አልሁት። ዓመቱን ሲለኝ አንበጣ የገባ ጊዜ አልሁት። ጽፎ ጨረሰና ጃንዋሪ አንድ ነው የተወለደችው አለኝ። ኋላ ስጠይቅ የአገሬ ሰው ሁሉ እዚያ ቢሮ ጃንዋሪ አንድ ነው የተወለደው። ከዚያ ፎቶግራፍ አምጪ ተባልሁ። እስቴ ላይ ፎቶ አንሺ የለም፤ ወንድሜ ደብረ ታቦር እስኪወስዳት፣ ፎቶው ሰው አግኝቶ እስኪደርሰኝ ዓመት አለፈ፤ ደርሶኝም ከቢሮ ቢሮ ሲያመላልሱኝ ሌላ ዓመት። በመጨረሻ ጸሐፊው ፎቶውን ከወረቀቱ ጋር አስተያየ።

«እዚህ ስምንት ዓመት ይላል። ይቺ ትልቅ ናት።»

«እናንተ እስክትፈቅዱላት አደገች።»

«እንድታድግስ ማን ፈቀደላት?» ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ።

እንደገና ከሥር ተጀመረ። ዋስትናው አረጀ፤ ማዳም ደግማ ፈረመች። ጸሐፊው ተቀየረ፤ አዲሱ የፊተኛውን ጽሑፍ አላነብም አለ። ዓመቱን አልቆጥርላችሁም። በየቅዳሜው ባንኮውን ዘይት እቀባለሁ፤ ከዝቅተኛው ጎን ነው የምጀምረው። ማንም አይሠራበትም። ማዳም ቅርጫቷን ታስቀምጥበታለች፤ ተከራዮቹ ባርኔጣቸውን ይጥሉበታል፤ እኔ አነሣለሁ። አንድ ቢላዋ አርፎበት አያውቅም። ረጅሙ ጣውላ በጠባሳ ተሞልቷል፤ አጭሩ እንደ መጀመሪያው ቀን ነው።

በዚህ በያዝነው ዓመት ፈቃዱ ወጣ። ማኅተሙን ሦስት ጊዜ አየሁት። ለወንድሜ ጻፍሁለት፤ እርሱም አንጓች አሁን ደብረ ታቦር ትማራለች፣ በዚህ ቀን ስልክ ቤት ይዣት እመጣለሁ ብሎ መለሰ። ቀኑ ሲደርስ ካርቱም ስልክ ቤት ከጥዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጥሁ። መስመሩ በአስመራ ዞሮ፣ በአዲስ አበባ ዞሮ፣ እየጮኸ እየጠፋ መጣ። አንዲት ሴት ማን ልበል አለችኝ። ስልክ ቤት የምትሠራ መስላኝ አንጓችን አገናኚኝ አልኋት።

«እኔ ነኝ» አለች። «እማዬ፣ እንደምን ሰነበቱ?»

አንቱ አለችኝ። ስንት ዘመን ያልሰማሁትን ነው። አባቴ በሥርዓት ነው ያሳደጋት፤ ምንም የምቀየመው የለኝም። ፈቃዱ ወጣ አልኋት። ከዚያ አያቷ ዓይናቸው እንደ ደከመ፣ አሁን ገበታውን በዳሰሳ እንደሚሠሩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄዳ መጥረቢያውን የምታቀብላቸው እርሷ እንደ ሆነች ነገረችኝ። እስቲ መስከረም ይጥባና አለች። እምቢ አላለችም፤ እሺም አላለች። የስልክ ቤቱ ሰውዬ ደቂቃው አለቀ ብሎ በጣቱ መስተዋቱን ሲመታብኝ የመጣልኝን ጠየቅኋት።

«ቁመትሽ የት ደረሰ?»

«ከአጎቴ እኩል ነኝ» አለች፤ ሳቋ ተሰማኝ። «የቤቱን ጉበን ጎንበስ ብዬ ነው የማልፍ።»

ያቺን ጉበን አውቃታለሁ። እኔ ቀና ብዬ ነበር የምወጣባት። ያን ለት ገበታ አዝዬም አልነካኝ።

ወደ ቤት ተመልሼ ፈትሉን ከመቀነቴ ፈታሁ። ከባንኮው ዳር ቆሜ ዘረጋሁት፤ ደረቴ ላይ ቀረ። ለእርሷ ጧፍ እንግዲህ ይኼ አይበቃም። ኡስታ በሺር በማግስቱ የማዳምን ቁም ሣጥን ሊያበጅ መጣ። አሁን በጣም አርጅቷል። ዝቅተኛውን ጎን አየና፣ የእኔንም ፊት አየና፣ እግር ልቀጥልበት እችላለሁ አለ፤ በስንት ላንሣው ብሎ መለኪያውን አወጣ።

«ተወው» አልሁት። «ስትመጣ ቆማ ትለካለች።»

ቅዳሜ ነበር። ዘይቱን አውጥቼ ከዝቅተኛው ጎን ጀመርሁ።